ስልክ በሌለበት የሚሠራ የቃል ሒሳብ

እህቴ፣ በትምህርት ቤት ሒሳብ አስመርሮሽ ከሆነ ይህን ገጽ ለመዝለል አትቸኩዪ። የተጻፈው ለፈተና አይደለም። ለባቃላ መልስ፣ ለሐዋላ፣ ከሁሉም በላይ ላልተከፈለ ደመወዝ ነው። እኔ ኾባር ውስጥ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ከዐረብ አገር የሚመለሱ እህቶችን አማክራለሁ። ብዙዎቹ ስለ መጨረሻው ቀን የሚነግሩኝ ይመሳሰላል፤ ሻንጣው በር ላይ ነው፣ ስልኩ ማዳም እጅ ነው፣ አንድ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «ሒሳብሽ ይኸው፣ ፈርሚ» ይላል። በዚያች ደቂቃ ያለሽ ጭንቅላትሽ ብቻ ነው።

ኾባርና ደማም ሕንዶች የሚበዙበት አገር ነው። በእነሱ ዘንድ «የቬዳ ሒሳብ» የሚባል፣ ያለ ወረቀት ለማስላት የሚያገለግል አቋራጭ አለ። ያሰባሰቡት ባራቲ ክሪሽና ቲርታ የተባሉ የሂንዱ መነኩሴ ናቸው፤ መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 16 አጫጭር ሕጎች አሉት። መነኩሴው ሕጎቹን ከጥንታዊዎቹ የቬዳ መጻሕፍት እንዳገኟቸው ተናግረዋል፤ የመረመሩ ሊቃውንት ግን እዚያ አላገኟቸውም። እኛን የሚያገባን መሥራቱ ነው፤ ይሠራል።

ከመቀነስ ልጀምር። ሕጉ «ሁሉንም ከ9፣ የመጨረሻውን ከ10» ይላል። ማዳም 1,000 ሪያል ሰጥታሽ የ736 ዕቃ ገዛሽ እንበል። 7 ዘጠኝ ለመሙላት 2 ይጎድለዋል። 3 ዘጠኝ ለመሙላት 6 ይጎድለዋል። የመጨረሻው 6 አሥር ለመሙላት 4 ይጎድለዋል። መልሱ 264 ነው። መበደር የሚባል ነገር የለም፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብሽ ትናገሪዋለሽ። ከ100 ሪያል ላይ ሃላላ ሲኖርም ያው ነው፤ ዕቃው 63 ሪያል ከ25 ሃላላ ከሆነ 3፣ 6፣ 7፣ 5 ትያለሽ፤ መልስሽ 36 ሪያል ከ75 ነው። የ500 ኖት ከሆነ የመጀመሪያውን አኃዝ ከ4 ቀንሺ፤ ሌላው እንደ በፊቱ ነው። ለ287 መልሱ 213 ይሆናል። አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቂ፤ መጨረሻው ዜሮ ከሆነ ዜሮውን እንዳለ ትተሽ ከፊቱ ያለውን ከ10 ቀንሺ። 640 ከ1,000 ሲቀነስ 360 የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሐዋላ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንመለከተው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የምንዛሪ ዋጋ ብቻ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚመነዘር ዋጋው ይለዋወጣል፤ ከዚህ በታች ያለው ለምሳሌ ብቻ ነው። አንዱ ቤት ሪያሉን በ35 ብር ይመነዝራል፣ 10 ሪያል ግን ያስከፍላል። ሌላው በ34 ብር ከ80 ሳንቲም ይመነዝራል፣ ክፍያ የለውም። አንቺ ያለሽ 640 ሪያል ነው። የቱ ይሻላል?

መጀመሪያ ክፍያው ላይ ቫት አለ፤ ሳዑዲ ውስጥ 15 በመቶ ነው። አሥረኛውን ውሰጂ፣ የዚያን ግማሽ ጨምሪበት። የ10 ሪያል አሥረኛ 1 ሪያል፣ ግማሹ 50 ሃላላ፤ ስለዚህ በጠቅላላው 11 ሪያል ከ50 ትከፍያለሽ። ያ በ35 ሲባዛ ወደ 402 ብር ነው። ሁለተኛው ቤት በየሪያሉ የሚያስቀርብሽ 20 ሳንቲም ነው፤ በ640 ሲባዛ 128 ብር። ክፍያ የሌለው ቤት ይሻልሻል፣ የግድግዳው ቁጥር ቢያንስም። ለማባዛቱ ደግሞ አንዱን ግማሽ፣ ሌላውን እጥፍ አድርጊ፦ 35 በ640 ከባድ ይመስላል፤ 70 በ320 ግን 7 በ32 ነው፣ 224፣ ሁለቱን ዜሮ መልሺ፣ 22,400።

ይህ ግማሽና እጥፍ ከሕንድ የመጣ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ዘዴ አለ፤ የእኛ ነጋዴዎች ጠጠር እየደረደሩ ይሠሩበት ነበር ተብሎ ይተረካል። የጥንት ግብፆችም እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር። ለደመወዝ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ደመወዝሽ 1,150 ሪያል ነው፣ ያልተከፈለሽ 13 ወር ነው እንበል። 13ን እየገመስሽ ውረጂ፣ ትርፉን ጣዪ፤ 1,150ን እጥፍ እያደረግሽ ውረጂ።

13 — 1,150
6 — 2,300
3 — 4,600
1 — 9,200

በግራ በኩል ሙሉ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዢ፤ እዚህ የ6ቱ መስመር ነው። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ከትልቁ ጀምረሽ ደምሪ፦ 9,200 እና 4,600፣ 13,800፤ 1,150 ሲጨመር 14,950 ሪያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቀኝ ያለው የ1 ወር፣ የ2 ወር፣ የ4 ወርና የ8 ወር ደመወዝሽ ነው። 13 ወር ማለት ደግሞ 8 እና 4 እና 1 ነው። ስለዚህ ቤት ስትጠርጊ፣ ልብስ ስትተኩሺ የእነዚህን አራት ቁጥሮች በቃልሽ ያዢ፤ የቀረው መደመር ነው።

ወሩን ግን በአንድ አቆጣጠር ቁጠሪ። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጆቹ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ የእኛዋ ጳጉሜን ደግሞ ለብቻዋ ደመወዝ የላትም። ውልሽ በየትኛው እንደተጻፈ እዪ።

ሕንዶቹ የሚወዱት ሌላ ዘዴ ለ100 የቀረቡ ቁጥሮችን ማባዛት ነው፤ 98 በ97 ስትይ ጉድለታቸው 2 እና 3 ነው፣ 98 ሲቀነስ 3፣ 95፤ 2 በ3፣ 06፤ መልሱ 9,506። ያምራል። እውነቱን ለመናገር ስድስት ዓመት ሙሉ ኾባር ገበያ ውስጥ አንድም ቀን አላስፈለገኝም።

የሚያስፈልግሽ ማረጋገጫው ነው። የእያንዳንዱን ቁጥር አኃዞች አንድ አኃዝ እስኪቀር ደምሪ። 1,150 ሰባት ይሆናል፣ 13 አራት ይሆናል፤ ሰባት በአራት 28፣ 2 እና 8 አሥር፣ እሱም 1። የ14,950 አኃዞችም ሲደመሩ 19፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1 ይሰጣሉ። ተገናኙ። ወረቀቱ 13,950 ቢል 9 ስለሚሆን ስሕተት መሆኑን ወዲያው ታውቂያለሽ። አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው 14,590 ከተጻፈ ግን ይህ ማረጋገጫ አይዘውም፤ ቁጥሩን ከግራ አንድ በአንድ አንብቢ።

ወረቀቱ ካንቺ ቁጥር ጋር ካልገጠመ የትኛው ወር እንደጎደለ በስሙ ጠይቂ። መፈረም ግድ ሆኖብሽ ከወጣሽም ቁጥሩን ይዘሽ ውጪ። ሪያድ ላለው ኤምባሲያችን «ብዙ ወር አልተከፈለኝም» ከማለት «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር፣ 13 ወር፣ 14,950 ሪያል» ብለሽ አስመዝግቢ።