ኮሶን ከደጋችን እንዳናጣው



«ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊቱን አኮማተረ» የሚለው አነጋገር ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል፤ ኮሶውን ቀምሶ የሚያውቅ ሠራተኛ ግን ጥቂት ነው። ቀድሞ ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ሁሉ በየሁለት ወሩ ያህል ይጠጣ ስለ ነበረ፣ በዚያ ቀን ከሥራ ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም። በሽታው ራሱ በመድኃኒቱ ስም «ኮሶ» ተብሎ እስከ መጠራት ደርሷል።

በኦሮምኛ ሄጦ የሚባለው ይህ ዛፍ ከአሰላ በላይ በጭላሎና በገለማ ደጋዎች ይበቅላል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ሲሆኑ፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። እርሱም ደርቆ፣ ተወቅጦና በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ዝናው ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝና በአሜሪካ የመድኃኒት መዝገብ ገብቶ ነበር።

ታዲያ ስለ ምን ተተወ ቢሉ፣ ነገሩ የመጠን ነው። በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት ለአንዱ ሲያንስ ለሌላው ይበዛል። ብርቱ ቁርጠትና ትውከት ከማስከተሉም በላይ፣ ሲበዛ ዓይን ያሳውራል፤ ይገድላልም። ለነፍሰ ጡርማ ከቶ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ሐኪም ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ መጥኖ ማዘዙ ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሥጋን አብስሎ መብላት ነው።

ይሁን እንጂ «ኪኒን ካለ ዛፉ ምን ያደርጋል?» ማለት ስሕተት ነው። ተመራማሪዎች ከአበባው ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ለይተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በወጣ ጥናትም፣ ከአበባው የተገኘው ጭማቂ በልዩ ልዩ ጥገኛ ትሎች ላይ በቤተ ሙከራ ተፈትኖ ኃይል እንዳለው ታይቷል። በቤተ ሙከራ የታየ ነገር ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት እስኪሆን መንገዱ ረዥም ነው፤ ነገር ግን ዛፉ ከጠፋ መንገዱም አብሮ ይዘጋል።

ኮሶን የሚያጠፋው አበባውን የሚለቅመው ሽማግሌ ሳይሆን መጥረቢያ ነው። ቀይ እንጨቱ ለቁም ሣጥንና ለጠረጴዛ ስለሚፈለግ ዛፉ ይጨፈጨፋል፤ ገዢዎቹም ብዙ ጊዜ እኛው ከተሜዎች ነን። እንግዲህ የኮሶ ጠረጴዛ ከማዘዛችን በፊት እናስብ። በደጋ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም በክረምቱ ተከላ ከባሕር ዛፍ ጎን ለጎን የኮሶ ችግኝ ቢተክሉ፣ ለተመራማሪው አበባውን፣ ለልጆቻችንም ጥላውን ያቆዩላቸዋል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአሰላ