የሙዚየሟ ቮልስ እና የጣርማ በር ዳገት

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሾፌር መኪናን በመልኳ ብቻ አይመዝንም። የይፋት ቆላ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ። በዚህ ዳገት ራዲያተሩ የፈላበት መኪና መንገድ ዳር መቆሙ የተለመደ ነው። የድሮዋ ቮልስ ግን ዝግ ብትልም የሚፈላ ውሃ የላትም፤ ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

ይህችው ቮልስ የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 በከፈተው “አውቶማኒያ” የተሰኘ ዐውደ ርዕይ ላይ ከታዩት 9 መኪኖች አንዷ ነበረች። የ1959 ስሪት ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ቆሟል።

ጉዳዩ ኪስንም ይነካል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ እጅ ላይ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኗል። ሰብሳቢ ደግሞ የሚከፍለው ለኦሪጅናሉ ነው። መብራቷና ሞተሯ በሌላ የተተካ ቮልስ ትሄዳለች፤ ዋጋዋ ግን ይወርዳል። ባለቤቱ የፈታውን ዕቃ ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ቢያስብበት ይበጀዋል።