በክሪኬት ኳስ የመምታት ጥበብና ከመቺ ወደ መቺ የሚተላለፈው ምክር

ክሪኬት በእንግሊዝ ተወልዶ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ሥር የሰደደ፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች የሚገጥሙበት የኳስና የመምቻ ጨዋታ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖሩ ኢትዮጵያውያን የደቡብ እስያ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው በየባዶው ሜዳ ሲጫወቱት ሳያዩ አልቀሩም፤ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ዋና መሥሪያ ቤትም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገኘው በዱባይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የጨዋታውን አንድ ዘርፍ ብቻ ነው፤ እርሱም መምቻውን የያዘው ተጫዋች ጥበቡን እንዴት እንደሚያሻሽል፣ በተለይም ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ለዘመናት ሲለዋወጡት የኖሩት ምክር የቱ እንደሚጠቅምና የቱ እንደሚያሳስት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው እምብርት ፒች የሚባለው፣ 20.12 ሜትር ርዝመት ያለው የተደለደለ መሬት ነው። በሁለቱም ጫፎቹ ስታምፕ የሚባሉ ሦስት ሦስት የእንጨት ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ቁመታቸው 71.1 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሦስቱ አንድ ላይ የሚሸፍኑት ስፋት 22.86 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ እየሮጠ መጥቶ፣ ያጠፈውን ክርን በመዘርጋት ኃይል ሳይጨምር፣ ኳሱን ወደ ሌላው ጫፍ ይለቃል፤ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መሬት ነጥሮ ወደ መቺው ይነሣል። የገና ጨዋታ ተጫዋች መሬት ለመሬት የምትሄደውን ሩር ሲያሳድድ፣ የክሪኬት መቺ ግን ቆሞ የሚጠብቀው ከነጠረ በኋላ ከፍታውንም አቅጣጫውንም ሊለውጥ የሚችል ጠንካራ የቆዳ ኳስ ነው። መቺው ስታምፑን ከኳሱ እየጠበቀ፣ ኳሱን ወደ ባዶ ስፍራ መትቶ ከጓደኛው ጋር በፒቹ ላይ ቦታ በመቀያየር ራን የሚባለውን ነጥብ ያስቆጥራል። ስታምፑ ከተመታበት፣ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበበት፣ ወይም ስታምፑን ሊመታ የነበረውን ኳስ በእግሩ ካገደ ከሜዳ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣም በዚያ ዙር አይመለስም። እግር ኳስ ተጫዋች የሳተውን ኳስ ከደቂቃዎች በኋላ ሊክስ ይችላል፤ ለክሪኬት መቺ ግን አንዲት ስሕተት የቀኑ ሥራ መጨረሻ ልትሆን ስለምትችል፣ ስለ አቋቋም፣ ስለ እጅ አያያዝና ስለ እግር አካሄድ ይህን ያህል መመካከሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

የችግሩ መነሻ ጊዜ ነው። ወርዋሪው ኳሱን ከሚለቅበት መስመር እስከ መቺው መስመር ያለው ርቀት 17.7 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ መቺው ዘንድ የሚደርሰው በግማሽ ሴኮንድ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ዓይን አይቶ ሰውነት እስኪታዘዝ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ፣ መቺው አስቦ የሚወስንበት ትርፍ ጊዜ የለውም ማለት ይቻላል። ማይክል ላንድና ፒተር ማክሊዮድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የተለያየ ችሎታ ባላቸው ሦስት መቺዎች ራስ ላይ ካሜራ አድርገው የዓይናቸውን እንቅስቃሴ መዘገቡ። ውጤቱም መቺዎቹ ኳሱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለማቋረጥ እንደማይከተሉ አሳየ፤ ኳሱ ሲለቀቅ ያዩታል፣ ወዲያው ዓይናቸውን ኳሱ ወደሚነጥርበት ስፍራ አስቀድመው ይወረውራሉ፣ እዚያም ይጠብቁታል። በዚያ ጥናት ከፍተኛ ችሎታ የነበረው መቺ ከደካማው የተለየው ዓይኑ ወደዚያ ስፍራ ፈጥኖ በመዝለሉ ነበር። በ2013 በዴቪድ ማንና በባልደረቦቹ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ታላላቅ መቺዎች ራሳቸውን ከኳሱ ጉዞ ጋር አብረው እንደሚያዞሩና ዓይናቸውንም ኳሱና መምቻው ወደሚገናኙበት ነጥብ አስቀድመው እንደሚልኩ አመለከተ። እንግዲህ በየልምምድ ሜዳው የሚሰማው «ኳሱን እስከ መጨረሻው ተከተል» የሚለው ምክር ቃል በቃል ሲመረመር ዓይን የሚሠራውን በትክክል አይገልጽም፤ ሆኖም መቺው ትኩረቱን ከወርዋሪው እጅ እንዳያነሣና ራሱን እንዳያወዛውዝ ስለሚያደርገው ፍሬ አፍርቷል። መልካም ምክር መልካም ማብራሪያ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ምክሩ በጽሑፍ መስፈር የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1833 በጆን ናይረን ስም የወጣው ለወጣት ተጫዋቾች የተዘጋጀ መማሪያ፣ በ1845 ፌሊክስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው መምህር ኒኮላስ ዋኖስትሮክት ስለ መምታት ብቻ ያሳተመው መጽሐፍ፣ በ1897 የሕንዱ መስፍን ራንጂትሲንጂ ያወጣው ሰፊ ሥራ፣ በመጨረሻም የጨዋታው ሕግ ባለቤት የሆነው የሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ በ1952 ያሳተመው የአሠልጣኞች መመሪያ የዚህ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። እነዚህና ተከታዮቻቸው የገነቡት የተለመደው ትምህርት ሲጨመቅ እንደሚከተለው ነው፤ መቺው ጎኑን ለወርዋሪው ሰጥቶ፣ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ያህል ከፍቶ፣ ክብደቱን በእግሩ መዳፍ የፊት ክፍል ላይ አድርጎ፣ ሁለቱን ዓይኖቹን አግድም አስተካክሎ ይቆማል፤ እጆቹን በመምቻው እጀታ ላይ አቀራርቦ ይይዛል፤ የላይኛው እጅ ምቱን ይመራል፣ የታችኛው በልኩ ይደግፈዋል። ኳሱ ቀረብ ብሎ ከእግሩ አጠገብ የሚነጥር ከሆነ ወደፊት ይራመዳል፤ ራቅ ብሎ ነጥሮ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። በሁለቱ መካከል የሚያርፈው ኳስ ግን ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ የሚያስቸግርበት በመሆኑ የጥሩ ወርዋሪ ዋና መሣሪያ ነው።

«መምቻህን ቀጥ አድርገህ አውርድ» የሚለው ጥንታዊ ምክር ምክንያቱ ሲገለጥ ክብሩ ይጨምራል። የመምቻው ስፋት በሕግ ከ10.8 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ርዝመቱ ግን እስከ 96.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። መምቻው ቁልቁል ቆሞ ሲወርድ በኳሱ መንገድ ላይ ረጅም ግድግዳ ስለሚሆን፣ መቺው የኳሱን ከፍታ በመጠኑ ቢስትም እንኳ ኳሱ ከመምቻው ገላ አያመልጥም። መምቻው አግድም ሲወዛወዝ በአንጻሩ የከፍታ ስሕተትን የሚያስተሰርየው ያቺው 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ስለዚህ አግድም ምት ደረትና ወገብ ላይ ለሚመጣ ኳስ፣ ከፍታው አስቀድሞ ለታወቀ ኳስ ይጠበቃል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሕጉን በቃሉ ከያዘው ተማሪ ይልቅ መቼ ሊጥሰው እንደሚችልም ያውቃል።

ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ የሚያዙትን ቅርጽ ሁሉ እንደ ዶግማ መያዝ እንደማይገባ የጨዋታው ታላቅ ምስክር ራሱ ያሳያል። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን በ52 የአገር ለአገር የቴስት ግጥሚያዎች ያስመዘገበው አማካይ ውጤት 99.94 ራን ሲሆን፣ ማንም ወደዚህ ቁጥር የተጠጋ የለም። ብራድማን ግን እጀታውን የሚይዘው እጁን ከተለመደው አዙሮ ነበር፤ መምቻውን በእግሮቹ መካከል ያሳርፍ፣ ሲያነሣም ቀጥ አድርጎ ወደ ስታምፑ ሳይሆን ወደ ጎን ያወጣ ነበር። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በቦውራል ከተማ ልጅ ሳለ ከቤታቸው ጓሮ የነበረውን የውሃ ታንከር ማቆሚያ ግንብ በጎልፍ ኳስ እየመታ፣ ተመልሳ የምትፈናጠረውን ኳስ በቀጭን የስታምፕ እንጨት ይመልስ ነበር። ኳሷ ትንሽ፣ እንጨቱ ቀጭን፣ የምትነጥርበትም አቅጣጫ የማይታወቅ በመሆኑ፣ የልጁ ሰውነት ለዚያ ችግር የሚስማማውን እንቅስቃሴ ራሱ ፈለሰፈ። አሠልጣኝ ቢኖረው ኖሮ እጁን ሊያስተካክልለት እንደሚችል መገመት ይቻላል፤ ያ ቢሆን ጨዋታው ምን ያህል በቀረበት ነበር!

ከዚህ የሚነሣው ፍርድ ይህ ነው፦ ስለ ሰውነት ቅርጽ ከሚሰጥ ትእዛዝ ይልቅ መቺውን በተመረጠ ችግር ፊት የሚያቆም ልምምድ የተሻለ ምክር ነው። «ክርንህን ከፍ አድርግ» የተባለ ተማሪ ስለ ክርኑ ሲያስብ ኳሱ አልፎታል። በጋብሪኤሌ ዉልፍ የተመራው የእንቅስቃሴ ትምህርት ምርምር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደጋግሞ እንዳመለከተው፣ ተማሪው ትኩረቱን በገዛ አካሉ ላይ ከሚያደርግ ይልቅ እንቅስቃሴው በሚያስገኘው ውጤት ላይ ቢያደርግ በተሻለ ይማራል። ራንጂትሲንጂ ከፈጣን ኳስ እንዳይሸሽ በልምምድ ጊዜ የኋላ እግሩ ታስሮ እንደነበር ይነገራል፤ በሰውነቱ ላይ የሚመጣውን ኳስ በእጁ አንጓ ጠምዝዞ ወደ እግሩ በኩል የሚያሳልፍበት ዝነኛ ምቱም ከዚያው ገደብ እንደተወለደ ይታመናል።

ከመቺ ወደ መቺ ከተላለፉት ምክሮች ሁሉ በቅርብ ሊመረመር የሚገባው ሕንዳዊው ራሁል ድራቪድ በ2010 ለእንግሊዙ ኬቨን ፒተርሰን የጻፈው ደብዳቤ ነው። ፒተርሰን በዚያ ወቅት በግራ እጃቸው ኳሱን እያሽከረከሩ የሚለቁ ወርዋሪዎች ያሸንፉት ነበር፤ እንዲህ ያለው ኳስ ዝግ ብሎ ቢመጣም ከነጠረ በኋላ ወደ ጎን ይታጠፋል። ችግሩ ክብደቱ የተጫነበትን የፊት እግሩን አስቀድሞ ወደፊት መትከሉ ነበር፤ የተተከለ እግር ኳሱ ሲታጠፍ አይንቀሳቀስም፣ መምቻውም በዚያው እግር ዙሪያ ለመድረስ ይገደዳል። ድራቪድ ረጅም የአካል መግለጫ አልጻፈለትም። የፒተርሰንን የአገር ልጆች፣ የሽክርክሪት ወርዋሪዎቹን ግሬም ስዋንንና ሞንቲ ፓኔሳርን፣ በልምምድ መረብ ውስጥ ያለ እግር መከላከያ እንዲገጥም፣ ግጥሚያ በተቃረበ ጊዜ ግን ይህን እንዳያደርግ መከረው። መከላከያ የሌለው እግር ወደፊት ለመዘርጋት አይቸኩልም፤ ሕመሙን ለማስቀረት ሲል መቺው መምቻውን ከእግሩ ያስቀድማል፣ ኳሱንም የግድ በትኩረት ያያል። የኳሱን ማረፊያ ከወርዋሪው እጅ ላይ ለማንበብ እንዲሞክርና በራሱ እንዲታመንም ጨምሮ ጻፈለት። የአንድ አገር ተጫዋች የሌላ አገር ባላጋራውን እንዲህ ማስተማሩ ለሙያው ያለውን ፍቅር የሚያሳይ ልግስና ነው፤ ፒተርሰንም ደብዳቤውን በ2014 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ለሁሉም አካፍሎታል።

ምክር የአንድ ቀን መድኃኒት እንዳልሆነም የእርሱ ታሪክ ያስረዳል። በ2012 እንግሊዝ ወደ ሕንድ በተጓዘች ጊዜ ፒተርሰን በአህመዳባድ በሁለቱም ዙሮች በግራ እጅ ወርዋሪው በፕራግያን ኦጃ ስታምፑ ተመትቶበት ወጣ። በሚቀጥለው ግጥሚያ፣ ሙምባይ ላይ፣ ኳስ እጅግ በሚታጠፍበት ሜዳ ኦጃን ጨምሮ ሦስት ዋና ዋና የሽክርክሪት ወርዋሪዎችን ገጥሞ በ233 ኳሶች 186 ራን አስቆጠረ፤ እንግሊዝም አሸነፈች።

በዚያው በሙምባይ፣ በሺቫጂ ፓርክ ሜዳ፣ ራማካንት አችሬካር የተባለው አሠልጣኝ በኋላ ታላቅ መቺ የሆነውን ወጣቱን ሳቺን ተንዱልካርን ያሠለጠነበት ዘዴም ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም። ልጁ ሲደክምና ትኩረቱ ሲላላ አሠልጣኙ በስታምፑ ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጣል፤ ያስወጣው ወርዋሪ ሳንቲሙን ይወስዳል፣ ማንም ካላስወጣው ግን የልጁ ይሆናል። ተንዱልካር እንዲህ ያገኛቸውን 13 ሳንቲሞች ከሽልማቶቹ ሁሉ አብልጦ እንደሚያከብራቸው ተናግሯል። ይኸው ሰው በጥር 2004 ሲድኒ ላይ፣ በቀደሙት ግጥሚያዎች ደጋግሞ ያስወጣውን፣ ወደ ቀኝ እጅ መቺ ቀኝ ፊት የሚሄደውንና ከቨር ድራይቭ የሚባለውን ተወዳጅ ምት እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ 436 ኳሶችን ገጥሞ ሳይወጣ 241 ራን አስቆጥሯል። ቴክኒክን ማሻሻል አንዳንዴ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን የለመዱትን ለጊዜው መተው ነው።

በዛሬው ዘመን ልምምድን የሚያቀሉ መሣሪያዎች በዝተዋል። ኳስ የሚተፋው ማሽን አንድን ምት ደጋግሞ ለማስተካከል ይረዳል፤ ዳሩ ግን መቺዎች ማሽን ሲገጥሙ እግራቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ጊዜ ሰው ሲገጥሙ ከሚያደርጉት እንደሚለይ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ማሽኑ የሚነበብ ክንድና እጅ የለውምና። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች ረጅም እጀታ ባለው ማንኪያ መሰል መወርወሪያ ኳሱን በፍጥነት የሚለቁ ሰዎችን ቀጥረው ያሠራሉ።

መካሪው የግድ ታላቅ ተጫዋች መሆን እንደሌለበትም ተንዱልካር ራሱ የተረከው ታሪክ ያስረዳል። በቼናይ ከተማ ያረፈበት ሆቴል ሠራተኛ የሆነ አንድ ተመልካች፣ ክርን መከላከያ ባደረገ ቁጥር የመምቻው አወዛወዝ እንደሚለወጥ ነገረው። ተንዱልካር ይህን ለማንም ሳይናገር ለራሱ ያውቀው ነበር፤ ሌላ ሰው ማየቱ ግን ጉዳዩ የስሜት እንዳልሆነ አረጋገጠለት። አስተያየቱ አንድን ነገር ብቻ የሚመለከት፣ በዓይን የታየና ወዲያው ሊፈተሽ የሚችል ነበር። ተንዱልካርም አልናቀውም፤ የመከላከያውን መጠን፣ የድልዳሉን ውፍረትና የማሰሪያውን ቦታ አስለውጦ እንደገና አሠራው።