«ሆዴን!» የሚል ልጅና የኮምፒዩተር ምክር

አንባቢ ሆይ፤ በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ «ሆዴን! ሆዴን!» እያለ የሚያለቅስ ልጅ በቤትህ ገጥሞህ ያውቃልን? «የቱ ላይ ነው?» ብለህ ብትጠይቀው እጁን እምብርቱ ላይ ያኖራል። አንዱ ወስፋት ነው ይላል፤ ሌላው ብርድ ነው ይላል። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፤ ነገር ግን ትርፍ አንጀት ቢሆንስ?

ትርፍ አንጀት በሆድ በስተቀኝ ግርጌ፥ ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የምትገኝ ትንሽ ጣት የምታህል ቱቦ ናት። በተቆጣች ጊዜ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት አካባቢ ይነሣና ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ ትውከት፥ ትኩሳትና ምግብ መጥላትም ይከተላሉ። በጊዜው ካልታከመች ልትፈነዳና መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሊሠራጭ ይችላል። ትንሽ ልጅ ግን ሕመሙን በቃል ማስረዳት ስለሚያቅተው ምርመራው ያስቸግራል። ሐኪሙ ቢዘገይ ትፈነዳለች፤ ቢቸኩል ደግሞ ጤነኛዋን ይቆርጣል።

ታዲያ ለዚህ ስሌት ይረዳ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ዶክተር ደ ዶምባልና ባልደረቦቹ ድንገተኛ የሆድ ሕመም የያዛቸውን የ304 በሽተኞች ምልክት ለኮምፒዩተር አቀረቡ። ኮምፒዩተሩ ከመቶ 91.8 ያህሉን በትክክል ሲለይ፥ በሽተኞቹን ካዩት ሐኪሞች በማዕረግ ከፍ ያለው የለየው ከመቶ 79.6 ያህሉን ነበር። ይሁን እንጂ ልብ በል፤ ኮምፒዩተሩ የማንንም ሆድ አልዳሰሰም። ዳስሰውና ጠይቀው ምልክቱን የሰበሰቡለት ሐኪሞቹ ናቸው።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ይህንኑ ሥራ በልጆች ላይ ቀጥሏል። በጀርመን አገር በሬገንስቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 ትርፍ አንጀት ተጠርጥሮባቸው ሆስፒታል የገቡ የ782 ልጆች መዝገብ ተሰብስቧል። ተማሪ መልሱ የታወቀ የፈተና ወረቀት እየደጋገመ እንደሚማር ሁሉ፥ ኮምፒዩተሩም መጨረሻቸው ከታወቀ ልጆች ትኩሳት፥ የደም ምርመራና የአልትራሳውንድ ሥዕል ይማራል። ከዚህ መዝገብ ከተሠሩት ዘዴዎች አንዱ ፍርዱን ብቻ አይናገርም፤ በሥዕሉ ላይ ያየውን ምልክት አስቀድሞ ይዘረዝራል። ሐኪሙ «ይህስ አይደለም» ብሎ ቢያርመው ፍርዱም በዚያው መጠን ይለወጣል።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። ምክንያቱን የማይናገር መካሪ ቢያውቅም እንኳ ያስፈራልና። ሆኖም በአንድ ሆስፒታል ልጆች የተማረ መሣሪያ በሌላ አገር ልጆች ላይ ሳይፈተን ሊታመን አይገባም።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሐኪሙም ኮምፒዩተሩም ያለ መረጃ አንዳች አያውቁም፤ የመጀመሪያውን መረጃ የምትሰጠው አንተ ነህ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ወዴት እንደ ዞረ፥ ልጁ መቼ እንዳስመለሰው ልብ ብለህ ያዝ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጠው፤ «ይነጋል» ብለህም አትጠብቅ፤ ወደ ሐኪም አድርሰው።