የፊት ጎማ ባንድ ወገን ለምን ያልቃል?



በቅርያት መላኪ፣ በገደራና በያቭኔ ትልቅ ቴንደር (በአገር ቤት ፒክ አፕ የምንለውን) የሚነዱ ወንድሞች፣ «የፊት ጎማዬ ባንድ ወገን ተላጨ፣ የኋላው ግን ደህና ነው» እያሉ ይጠይቁኛል። ነገሩ ኪስንም ሕይወትንም ስለሚነካ ለሁላችን እንዲሆን ጻፍኩት።

የፊት ጎማ ሥራው ብዙ ነው። ከባዱን የናፍጣ ሞተር ይሸከማል፣ መኪናውን ያጥፋል፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ እሱ ይመጣል። ከኋላ ብዙ ዕቃ ሲጫን ደግሞ አፍንጫው ቀና ይልና የጎማው አቋም ይለወጣል። የፓርዴስ ኮረኮንችና ጉድጓድም ያጣምመዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጎማ ግን በሽታውን አይደብቅም፦

– ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሀሉ ከቀረ ነፋሱ አንሷል።
– መሀሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ በዝቷል።
– ውስጡ ወይም ውጭው ብቻ ካለቀ ጎማው ወደ ጎን አዘንብሏል።
– ስትዳብሱት ወደ አንድ በኩል ለስልሶ፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ ከሻከረ፣ ሁለቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው አይሄዱም።
– እዚህም እዚያም ከጎደጎደ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይም ባላንስ የለውም።

እንግዲህ ምክንያቱ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይበላል። ፓንቸሪያ ስትሄዱ እነዚህን የዕብራይስጥ ቃላት ያዙ፦ ጽሚግ (ጎማ)፣ ላሐጽ አቪር (የነፋስ ልክ)፣ ኪቩን ጋልጋሊም (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል)፣ ኢዙን (ባላንስ)። በመሪው በኩል የላላ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ፤ አለበለዚያ ኪቩኑ አይቆይም።

ነፋስ የሚለካው መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ልኩ በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አትሙሉ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የፊቱንና የኋላውን ማቀያየርም ዕድሜ ይጨምራል።

ዋናው አደጋ የውስጠኛው ጠርዝ ነው፤ ቆማችሁ ስታዩት አይታይም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ተመልከቱ። በጥርሶቹ መሀል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጎማው ፊት እኩል ከሆኑ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው አብቅቷል። ሽቦ ከወጣማ ጨርሶ አትንዱት። በ40 ቁጥር መንገድ ላይ በመጀመሪያው ዝናብ የተላጨ ጎማ ፍሬን አይሰማም። አለቃችሁ «ነገ ይለወጣል» ቢላችሁ ጠርዙን አሳዩት፤ መሪውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

በሰላም ግቡ።