ከውሻዎ ጋር ወደ ቆላ ሲወርዱ

ሚያዝያና ግንቦት ሲመጡ የአዲስ አበባ ተማሪም ሆነ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ልቡ ወደ ቆላ መሸፈቱ አይቀርም። ደመወዙ አነስተኛ ስለ ሆነ ሆቴል አይታሰብም። ነገር ግን ሦስት አራት ሆኖ ድንኳን ተበድሮ፥ የመኪናውንና የስንቁን ወጪ ተካፍሎ ላንጋኖ ዳር ሁለት ሌሊት ማደር ይቻላል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው የግቢው ውሻ ጅራቱን እየቆላ ዐይን ዐይንዎን የሚያይዎት። «ምን ይጎዳል? እሱም ይናፈስ» ይሉና ይዘውት ይነሣሉ። ይህን የምጽፍልዎ እኔም እንዲሁ ብዬ ስለ ነበረ ነው።

ነብሮ የሚባለው ውሻችን ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ላንጋኖ የደረስነው ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር፤ አንድ ትልቅ ግራር አገኘንና ከሥሩ ድንኳናችንን ተከልን። ውሻው እንዳይጠፋም በገመድ ከድንኳኑ ካስማ ጋር አሰርነው። ጥላው መልካም፥ ነፋሱም መልካም ነበር። እኛ ውሃ ስንዋኝ፥ ምሳ ስንበላ፥ ካርታ ስንጫወት ቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። ስንመለስ ጥላው ወደ ማዶ ዞሯል፤ ውሻው ግን ከታሰረበት አልተንቀሳቀሰም። ምላሱ ከመጠን በላይ ወጥቷል፤ ምራቁ ወፍሮ እንደ ሙጫ ይሳባል፤ ድዱ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል። ፈታነውና እንዲነሣ ብንጠራው ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደ ሰካራም ተንገዳገደና ወደቀ።

ከጓደኞቼ አንዱ ጋቢ በውሃ ነክሮ አለበሰው። እኔም ደግ አደረገ ብዬ ነበር። በአጠገባችን ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ግን «ኧረ ልጆቼ፥ አውልቁለት! ታፍኑታላችሁ» አሉና እየሮጡ መጡ። ተሸክመን ወደ ሐይቁ አስገባነው፤ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ይዘን ገላውን እስከ አንገቱ ነከርነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ አተነፋፈሱ ረጋ አለ።

በኋላ ከእንስሳት ሐኪም ጠይቄ እንደ ተረዳሁት ሽማግሌው ልክ ነበሩ። እርጥብ ልብስ በገላው ላይ ሲቆይ ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። የሚበጀው ውሃ ማፍሰስ፥ እያፈሰሱም ማራገብ ነው። ጤነኛና ወጣት ውሻ ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ መንከር ይሻላል። ቀዝቃዛ ውሃ ያስደነግጠዋል ተብሎ ለብ ያለ ውሃ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ከውሻው ገላ የቀዘቀዘ ማንኛውም ውሃ ይጠቅማል። ራሱን ለሳተ ውሻ ግን ውሃ በግድ አያጠጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ አቀዝቅዘው ከዚያ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ቢድንም እንኳ ሳያስመረምሩ አይቅሩ፤ በኩላሊቱ ላይ የደረሰው ጉዳት የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላልና።

ውሻ እንዲህ በቶሎ የሚሸነፈው ለምን እንደ ሆነ ልንገርዎ። እኛ በመላ ገላችን ስናልብ ውሻ ግን ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የተረፈውን ሥራ የሚሠራው ምላሱ ነው፤ ሲያለከልክ ከምላሱና ከአፉ ላይ ያለው እርጥበት እየተነነ ደሙን ያቀዘቅዛል። ጤነኛ ውሻ የገላው ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ ከ40 ካለፈ አስጊ ነው። አፍንጫው አጭር የሆነ የፈረንጅ ውሻ ካለዎት ይህ መሣሪያ ከፍጥረቱ ስለሚያጥረው እቤት ይተዉት፤ ወፍራምና ያረጀውንም እንዲሁ።

ሌላው ከፍታው ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር፥ ላንጋኖ በ1,600 ሜትር፥ አዋሽ ሰባት ኪሎ ደግሞ በ1,000 ሜትር ገደማ ናቸው። የደገኛ ውሻ ገላ ይህን ለመልመድ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ እርስዎ ግን በግማሽ ቀን ነው የሚያወርዱት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ኳስ አያስሩጡት። መሬቱንም ይመርምሩ፤ የእጅዎን ጀርባ አሸዋው ላይ 7 ሰከንድ አስቀምጠው ማቆየት ካልቻሉ የውሻው መዳፍም አይችለውም።

ወደ ድንኳኑ እንመለስ። ጧት የዛፍ ጥላ በስተምዕራብ ይወድቃል፤ ከቀትር በኋላ ግን ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ስለዚህ ሲደርሱ ጥላ ያለበትን ሳይሆን 9 ሰዓት ላይ ጥላ የሚሆነውን ቦታ፥ ማለት ከግንዱ በስተምሥራቅ ያለውን ይምረጡ። የኛ ስሕተት ይኸው ብቻ ነበር። የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበትን ዛፍ ግን ይሽሹ።

የሠርግ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ? ከድንኳን ይልቅ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አስበውበታል? ቅጠሉ ፀሐይን ይከለክላል፥ ነፋስን ግን ያሳልፋል። የናይሎን ድንኳን ግን ራሱ ይግልና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይተፋል። ስለዚህ ከድንኳኑ በላይ አቡጀዲ ወይም ነጭ ሸራ ይወጥሩ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይተዉ፤ ነፋሱ በዚያ ሲያልፍ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል። በሩንም ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያዙሩት። ቅጠል ፍለጋ የሰው ዛፍ መመልመል ግን ጠብ ያመጣል።

ለውሃው የእናቶቻችንን ብልኀት ይያዙ። እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ገላው ስለሚያልብ ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንስራ ተሸክሞ መሄድ ስለማይመች ጀሪካኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላና ነፋስ ባለበት ይስቀሉት፤ አገሩ ደረቅ ከሆነ በረዶ ሳይገዙ ይጠጣሉ። ሀያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተራ ቀን አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ በቆላ ሙቀት እጥፉንና ከዚያም በላይ ይያዙለት። ወደ አዋሽ ወንዝ የሚሄዱ ከሆነ ግን ውሻው ከወንዙ ዳር ወርዶ እንዲጠጣም ሆነ እንዲዋኝ አይልቀቁት፤ አዞ አለበት።

ሌሊቱ ሌላ ጣጣ አለው። ውሻን ውጭ አስሮ ማደር ለጅብ እራት ማቅረብ ስለ ሆነ ከእርስዎ ጋር ድንኳን ውስጥ ማደሩ ግድ ነው። ሦስት ሰውና አንድ ውሻ በተዘጋ ድንኳን ሲተነፍሱ ግን አየሩ ይረጥባል፤ በረጠበ አየር ደግሞ ማለክለክ ሥራውን አይሠራም። የወባ ትንኝ እንዳይገባ መረቡን ይዝጉ እንጂ ሸራውን በሁለት ወገን ይክፈቱት።

ወደ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ይዘው አይሂዱ። ክልክል ከመሆኑም በላይ ምክንያቱ ከባድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ የውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ወደ ሌላ ቦታም ቢሆን ሳያስከትቡት አይነሡ።

በመንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት ሲወርዱ ደግሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ በ10 ደቂቃ ብቻ የመኪናው ውስጥ ከውጭው 10 ዲግሪ ያህል በልጦ ይሞቃል። ተራ በተራ ይጠጡ። ጉዞውንም በሌሊት ተነሥተው ይጀምሩ።

ነብሮ ዛሬም አለ። ባለፈው ዓመት እንደገና ይዘነው ወርደን ነበር፤ ገመድ አላሰርንለትም። ቀኑን ሙሉ ጥላው በዞረ ቁጥር እየተነሣ ሲከተል ዋለ፤ እኛም ምንጣፋችንን እየጎተትን እሱን ስንከተል ዋልን።