ሳይቃጠል በቅጠል፤ የበጋ መጨረሻ ሙቀት፣ ነጎድጓድና ሰደድ እሳት በኩልፎ ተፋሰስ

መግቢያ

የአርባ ምንጭና የአካባቢው ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል። ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ደረቅ ወራት ሲሆኑ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚሞቀው ከየካቲት እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ በቆላው የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። ገበሬው ማሳውን ለበቆሎ የሚያጸዳውና አገዳውን ሰብስቦ የሚያቃጥለውም በዚሁ ወቅት ነው።

አንዳንድ ገበሬዎች «ደመና ሲታይ ብለኩስ፣ እሳቱ ቢያመልጠኝ እንኳ ዝናቡ ያጠፋዋል» ብለው ያስባሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህ አስተሳሰብ አደገኛ የሆነበትን ምክንያት ለማስረዳትና በምትኩ ሊደረግ የሚገባውን ለማመልከት ነው።

1. የሙቀቱ ምክንያት

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነስቶ፣ አርባ ምንጭን ታኮ በማለፍ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የደጋው ሰው ጋቢ ደርቦ ሳለ የቆላው ሰው ጥላ ይፈልጋል።

በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአርባ ምንጭ አናት ላይ ትሆናለች። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አፈሩም የደረቀ ነው። እርጥብ መሬት ከፀሐይ ከሚያገኘው ሙቀት ብዙውን ውሃ ለማትነን ያውለዋል። ደረቅ መሬት ግን የሚያተንነው ውሃ ስለሌለው ሙቀቱ በቀጥታ አየሩን ያግለዋል።

ሣሩም በዚሁ መጠን ይደርቃል። የነጭ ሣር ሜዳ ስሙን ያገኘው በበጋ ከሚነጣው ሣሩ ነው። የደረቀ ቀጭን ሣር እርጥበቱን የሚለዋወጠው ከአየሩ ጋር ስለሆነ፣ ጠዋት ጤዛ የነካው ሣር ከጥቂት ሰዓታት ፀሐይ በኋላ ክብሪት ይበቃዋል።

2. ከዝናቡ በፊት ነፋሱ ይመጣል

ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ወደ አገራችን መግባት ይጀምራል። ከሰዓት በፊት የሞቀው አየር ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከቀትር በኋላ በጉጌ ተራሮች ላይ እንደ ግንብ የተቆለለ ደመና ይታያል። ከዚህ ደመና የሚወርደው ዝናብ ከበታቹ ባለው ደረቅ አየር ውስጥ ሲያልፍ በከፊል ይተናል። በዚህ ጊዜ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርድና በየአቅጣጫው ይበተናል። ከዝናቡ በፊት የሚሰማን ቀዝቃዛና ብርቱ ነፋስ ይህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ዝናቡ መሬት ሳይደርስ በአየር ላይ ያልቃል፤ ነፋሱና መብረቁ ግን ይደርሳሉ።

ለምሳሌ በተዳፋት ላይ ግማሽ ሄክታር ማሳ ያለውን አንድ ገበሬ እንውሰድ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደመናውን አይቶ አገዳውን ለኮሰ። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ስለነበረ ራሱ ከበላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደመናው ሲቃረብ ነፋሱ ድንገት ዞሮ እሳቱን በጎን በኩል ወደ ጎረቤቱ ድርቆሽና ወደ እንሰቱ ወሰደው። ዝናቡ ከመጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንሰት ለመድረስ በርካታ ዓመታት የሚፈልግ ተክል ስለሆነ፣ በግማሽ ሰዓት የጠፋው የጎረቤት ጓሮ በአንድ መኸር አይመለስም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። እሳት ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ ስለሚያደርቀው ፍጥነቱ በጣም ይጨምራል። ስለሆነም ከሚነድ ተዳፋት በላይ መቆም ለሕይወት ያሰጋል።

3. ከእሳቱ በኋላ ጎርፉ

እሳት የበላው ተዳፋት ሁለተኛ አደጋ ያመጣል። የዝናቡን ጠብታ የሚያበርድ ሣር የለም፤ አመዱም የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 200,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ200 ሊትር 1,000 በርሜል ውሃ ነው። ሣር ያለበት መሬት ከዚህ ብዙውን ወደ ውስጥ ያሰርጋል። የተራቆተው መሬት ግን ከለም አፈሩ ጋር ወደ ኩልፎ ይለቀዋል፤ ጎርፉም በታች ያለውን የሙዝ ማሳና የመስኖ ቦይ በደለል ይሞላል። ስለዚህ በደጋው የተለኮሰ እሳት ዋጋውን የሚከፍለው የቆላውም ገበሬ ነው።

4. ካለፈው የምንማረው

በየካቲትና በመጋቢት 1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሳው ሰደድ እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ መሬት አቃጥሏል። ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ተረባርበው፣ የውጭ አገር ባለሙያዎችም ረድተው፣ እሳቱ ፈጽሞ የጠፋው ዝናብ ሲገባ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጥሎ፣ እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል የመጡ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ሁለቱም የደረሱት በበጋ መጨረሻ ነው። ዝናብ እሳትን ማጥፋቱ እውነት ነው፤ ቀኑን ግን ገበሬው አይቆርጥለትም።

5. ሊደረግ የሚገባው

ሀ) አገዳን አለማቃጠል። አገዳ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ከጢሱ ጋር ይጠፋል። ስለሆነም ከብት የሚበላውን ለከብት ማስቀመጥ፣ የቀረውን ኮምፖስት ማድረግ ወይም በሙዝ ሥር መጎዝጎዝ ይሻላል።

ለ) ማቃጠል ግድ ከሆነ፣ ለቀበሌውና ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር፤ ማሳውን ዙሪያውን ቢያንስ በ5 ሜትር ስፋት እስከ አፈሩ ማጽዳት፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ከማሳው የላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ማቃጠል። ውሃ፣ አካፋና እርጥብ ቅርንጫፍ የያዙ በቂ ሰዎች መገኘት አለባቸው። አመዱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከቦታው መሄድ አይገባም።

ሐ) የሚከተሉት ምልክቶች በታዩበት ቀን ፈጽሞ አለመለኮስ፦ ሣሩ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ፤ ከቀትር በፊት ደመና በተራራው ላይ መቆለል ከጀመረ፤ ነፋሱ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ከሆነ፤ ነጎድጓድ ከሩቅ ከተሰማ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአየር ጠባይ ትንበያ በራዲዮ ወይም ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው መከታተል ይጠቅማል።

መ) ከመብረቅ መጠንቀቅ። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ መቁጠር ነው፤ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ማለት ነው። ከ30 ሴኮንድ ካነሰ አደጋው ቀርቧል። እረኞች ከብቻው ከቆመ ዛፍ፣ ከኮረብታ ጫፍና ከሽቦ አጥር መራቅ፣ በአንድ ላይ አለመታጨቅ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ አለባቸው። ልጆችን ይህን ማስተማር የወላጅ ኃላፊነት ነው።

ሠ) ተዳፋቱ ተቃጥሎ ከሆነ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ከእሳቱ የተረፈውን ጭራሮና አገዳ በተዳፋቱ አግድም መደርደር፣ እርከኑን መጠገን፣ ሣሩም እስኪያገግም ከብት አለማሰማራት።

ማጠቃለያ

እሳት በራሱ ጠላት አይደለም። ከብት አርቢዎች አሮጌውን ሣር አቃጥለው አዲሱን ያበቅሉበታል፤ ቁጥቋጦንም ይገታሉ። ጉዳት የሚያደርሰው ያለጊዜውና ያለስምምነት የተለኮሰ እሳት ነው። የጋሞ ሕዝብ የጋራ ጉዳዩን በዱቡሻ ተሰብስቦ የመወሰን የቆየ ልማድ አለው። በየዓመቱ ጥር ሳይወጣ «ማን፣ የት፣ በየትኛው ቀን ያቃጥላል? ማንስ ይጠብቃል?» የሚለው እዚያ ቢወሰን፣ ደጋውም ቆላውም ይጠቀማል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት፣ ቅጠል የሚበቃው እሳቱ ትንሽ ሳለ ብቻ መሆኑን ስላወቁ ነው።